ተኳሿ ቤት አሥራ አንድ ፖል

መስከረም 18

ለልጄ ልጅ፣ ለድንቢጤ፤

የሰማዩ ጌታ ከእግርሽ እንቅፋቱን፣ ከደጅሽ ክፉውን ያርቅልሽ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴና ከማይሰማው ግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። አፌ ጤነኛ ነው፣ ጎረቤት ይመስክር።

«ሩጫ ጀመርኩ» ያልሽውን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደገምኩት። በስተርጅናዬ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፣ «ሩዝ» ይሆን እንዴ ብዬ። ሩጫ ነው! ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሰው በሁለት ነገር ነው የሚሮጠው፤ ወይ ሲያባርር፣ ወይ ሲባረር። አንቺ ማንን እያባረርሽ ነው? ማንስ እያባረረሽ ነው?

ሁለተኛው የመብራት ፖል ላይ ስደርስ ሳንባዬ ተቃጠለ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብለሻል። እሰይ! የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ አለው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሰው ልብስ ስታጥቢ የምትውይ ልጅ እግር የለኝም አትበይኝ። ያንን ሁለተኛ ፖል ጠላት አድርጊው። ስም አውጪለትና እየተሳደብሽ እለፊው። እኔ ድሮ የዶሮ ሌባ በዘነዘና ሳባርር፣ እሱም ሁለት እግር፣ እኔም ሁለት እግር ነበረኝ፤ ወጣት ደግሞ እሱ ነው። እኔ ግን ንዴት ነበረኝ። ንዴት ሦስተኛ እግር ነው። መታጠፊያው ላይ ደረስኩበትና ትከሻውን ሰበርኩት። ዶሮዋን ግን አላዳንኳትም፣ እጁ ላይ አንቋት ነበር።

ተረከዜ ተሰነጣጥቋልና ለስላሳ ጫማ ላኪልኝ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር። ለመካኒኩ ባልሽም ሰላም በይልኝ።

አያትሽ

———

ጥቅምት 24

እምዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ደብዳቤሽን ባለቤቴ ራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። የዶሮ ሌባው ጋ ሲደርስ ሳቀ። «ማን እያባረረሽ ነው» የምትለዋ ጋ አልሳቀም። ሁለቴ አነበባትና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሩጫውን ያዘዘኝ እሱ ነው። «ጆንያ» ነው የሚለኝ አሁን። ጠዋት ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት ሰጥቶኛል፤ ሻዩን ይዞ መስኮት ላይ ቆሞ ስንት ፖል እንዳለፍኩ ይቆጥራል። ሦስት ደርሻለሁ። ግን እንቅፋት መታኝና ወደቅሁ። አንድ ጥርሴ ተሰበረ፣ ዓይኔ አበጠ፣ አንገቴም ትንሽ በልዟል። አትጨነቂ፣ ጀማሪ ሁሉ ይወድቃል አሉ።

እምዬ፣ ልተወው ነው። እግሬ የኔ አይመስለኝም። ትናንት አንዲት አሮጊት ከነውሻዋ በእርምጃ አለፈችኝ፤ ውሻው ዞሮ አየኝና አዘነልኝ። አይዞሽ የምትለኝ አንድ ሰው ብቻ ናት፣ ጓደኛዬ ተኳሿ። የአገራችን ልጅ ናት። ቤቷ ከኛ አሥራ አንድ ፖል ይርቃል። «አንድ ቀን እስከ በሬ ሮጠሽ ትመጫለሽ» ትለኛለች። እኔና አሥራ አንድ ፖል!

ጫማውን እልካለሁ።

ድንቢጥሽ

———

ኅዳር 12

ድንቢጤ፣

ፈጣሪ ዓይን ለሌለው ዓይን፣ አፍ ለተያዘ አፍ ይስጥ። ጫማውን ተይው። የጉልበትሽን ፎቶ ላኪልኝ። የጉልበትሽንና የመዳፍሽን።

ለምን መሰለሽ? ሲሮጥ የወደቀ ሰው አውቃለሁ። የሚላጠው ጉልበቱና መዳፉ ነው። አንቺ ጥርስ፣ ዓይን፣ አንገት ትይኛለሽ። መሬት አንገት አያንቅም ልጄ!

እኔ ከአያትሽ ጋ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ጎረቤት በጠየቀኝ ቁጥር «ከበርጩማ ወደቅሁ» ነበር መልሴ። ግራ ጆሮዬን የደፈነው በርጩማ ነው። ሁለት ጎኔን የሰበረው በርጩማ ነው። እናትሽን በሰባት ወሯ ያስወለደኝም በርጩማ ነው። ሰው ሁሉ አመነኝ፣ ወይም ያመነ መሰለ። ቤታችን ግን በርጩማ አልነበረም። መደብ ላይ ነበር የምንቀመጠው።

አንተ መካኒኩ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንክ ጮክ ብለህ አንብበው። ድምፅህ ያምራል ብላኛለች። ብቻዋን አይደለችም፣ ይህን እወቅ። ተኳሽ ወዳጅ አላት! እኔ ስሰማ እልል ነው ያልኩት። ድንቢጤ፣ ጠመንጃዋ ምን ዓይነት ነው? ዒላማ አትስትም አይደል? አሥራ አንድ ፖል ለጥይት ምን አላት!

አያትሽ

———

ታኅሣሥ 1

ውድ አያቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው። ሩጫ ትቻለሁ። ፎቶ ማንሻ የለንም። ከእንግዲህ ባይጽፉልኝም ቅር አይለኝም።

ሆኖም ስለ ተኳሿ የሚያውቁትን ሁሉ፣ የመሣሪያዋን ዓይነት ጨምሮ፣ በአስቸኳይ እንዲገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የልጅ ልጅዎ

———

ታኅሣሥ 15

እምዬ፣

ያቺን «እርስዎ» የምትል ደብዳቤ እኔ አልጻፍኳትም። መቼም አውቀሻል፤ እኔ ከተወለድኩ አንቺን እርስዎ ብዬ አላውቅም። የግሪስ አሻራውንም ሳታይው አትቀሪም።

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ። ቀኝ እጄ አይሠራም። የኅዳሩን ደብዳቤሽን ሲያነብ ጣቶቼን በሩ መሐል አድርጎ ነበር። አንድ መስመር ያነባል፣ በሩን ይዘጋል። አንድ መስመር ያነባል፣ ይዘጋል። በርጩማዋ ጋ ሲደርስ ሁለቱ ጣቶቼ ተሰብረው ነበር። ጩኸቴ እንዳይሰማ አፌ ውስጥ የሱን ካልሲ ነው የከተተው።

እምዬ፣ እያዘንኩ ላስቅሽ? ተኳሿ'ኮ ሸሚዝ ነው የምትተኩሰው! በካውያ! እዚሁ እኔ ሳጥብ እሷ ትተኩሳለች። ጠመንጃ በዓይኗ አይታ አታውቅም። እሱ ግን አንቺን አመነ። በር ሲንኳኳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ነው አሁን የሚያየው። ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር። አላረምኩትም።

የመኖሪያ ወረቀቶቼን ቆልፎባቸዋል። ሥራ በመኪና ያደርሰኛል፣ ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል። ብቻዬን የምሆነው በሩጫዋ ግማሽ ሰዓት ነው፤ እሷንም ከመስኮት ይቆጥራታል። ፖሎቹ ያሉት በወንዙ ዳር በእግረኛ መንገድ ላይ ነው፣ መኪና አይገባም። ባለፈው ሦስተኛው ላይ ቁጭ ስል ወጥቶ አባረረኝ። አምስተኛው ጋ ደረቱን ይዞ ተንበረከከ፣ ሲጋራው ነው። ከዚያ ድንጋይ ወርውሮ ጀርባዬን ብሎኝ ተመለሰ።

ተኳሿ «እስከ በሬ ድረሺ፣ ከበሬ ወዲያ ያለው የኔ ሥራ ነው» ትለኛለች። እምዬ፣ እኔ የምችለው አራት ነው። አራት! በዚህ አድራሻ ጻፊልኝ፣ በሷ ስም።

ድንቢጥሽ

———

ጥር 9

ድንቢጤ፣

ጣትሽን የሰበረው በሩ አይደለም፣ እሱም ብቻ አይደለም። የኔ አፍ ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ሦስት ቀን ከሰው አልተነጋገርኩም፤ ጎረቤት «ሞተች እንዴ» ብሎ በሬን ደበደበ። ይቅር በይኝ። ይህች ምላስ ሰባ አንድ ዓመት ስታተርፍልኝም ስታከስረኝም ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ግን አስከፍላኝ አታውቅም። አሁን ሥራ ትሥራ።

ለሱ ጽፌለታለሁ። በትሕትና። «ተኳሿን በደንብ አውቃታለሁ። እናቷም ተኳሽ ነበረች። በአንድ ቀን ሰባ ስታጋድም አይቻለሁ፣ አንዱም አልተነሣም። ልጅቷ ከእናቷ ትብሳለች አሉ» ብዬ። ውሸት የለበትም። ሸሚዝ የሚለውን ነው የዘለልኩት። «የልጅ ልጄ ሩጫ መተዋ አሳዘነኝ፣ ጆንያ ሆና ብትቀር የሚያፍረው ባሏ ነው» ብዬም ጨመርኩ። ማስሮጡን አይተውም፣ ታያለሽ።

ወደ ሩጫው። ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። እኔ ሲጠበስ እንጂ ሲሄድ ያየሁት እንቁላል የለም። ግን ቀስ በይ። ያንቺ ችግር የመጀመሪያውን ፖል እንደ ሌባ መሮጥሽ ነው። ስትጀምሪ አዝግሚ፣ እስኪያሳፍርሽ ድረስ አዝግሚ። አሮጊቷም ትለፍሽ፣ ውሻዋም ይለፍሽ። ትንፋሽሽ ሲያልቅ ተራመጂ እንጂ አትቁሚ፣ አትቀመጪ። የተቀመጠች ሴት ለመመታት ትመቻለች። በየሳምንቱ አንድ ፖል ጨምሪ። መስኮት ላይ ሆኖ ሲቆጥር ግን ከአምስት በላይ አታሳዪው። ሌላውን መታጠፊያው ከከለለሽ በኋላ ደብቀሽ ሩጪ።

እኔም ጀምሬያለሁ። ብቻዋን አትድክም ብዬ ግቢዬን እዞራለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «እትዬ፣ ሞት ከኋላ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ አንተን ቀድሜ ልቅበርህ ብዬ ነው» አልኩት። ትናንት ውሻው ባቴን ነከሰኝ። በዘነዘና መንጋጋውን አልኩት። አሁን ስሮጥ ሁለቱም ከቤት አይወጡም።

አንድ ነገር ስሚኝ፣ ለምን አትበይኝ። ያ ቀን ሲመጣ፣ ከበር ከወጣሽ በኋላ ለምንም አትመለሺ። ለወረቀት አትመለሺ። ለጫማ እንኳ አትመለሺ።

ከእንግዲህ ረጅም ደብዳቤ አልጠብቅም። የፖል ቁጥር ብቻ ላኪልኝ።

አያትሽ

———

የካቲት 26

እምዬ፣ የስድስት ሳምንት ቁጥር ይኸው።

አምስት።
አምስት። ዝናብ ነበር።
ስድስት ተኩል። አስመለሰኝ፣ ግን ቆሜ አይደለም፣ እየተራመድኩ።
ሰባት! ተኳሿ አቅፋኝ ሥራ ቦታ አሽከረከረችኝ።
ባዶ። ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ድስቱን ጭኔ ላይ ደፋው። አልቀዘቀዘም ነበር።
አራት።

እምዬ፣ ወደ አራት ተመለስኩ። ቁስሉ ከሱሪው ጋ ይጣበቃል። የሁለት ወር ልፋቴን በአንድ ድስት ወሰደው። ሰው ስንት ጊዜ ነው ከአንድ የሚጀምረው? እዚያው ብሞት ይሻላል የምልበት ጠዋት አለ።

———

መጋቢት 20

ድንቢጤ፣

እሞታለሁ ካልሽ መጥቼ እኔው ነኝ የምገድልሽ!

አራት አልሽ? መስከረም ላይ ሁለት ነበርሽ። ሁለት ሮጠሽ ያለቀስሽ ልጅ ዛሬ ጭንሽ ተልጦ አራት ሮጥሽ። ይህን ሂሳብ እኔ መሃይሟ ከሠራሁት አንቺ እንዴት አቃተሽ? እሱ ድስት ነው የደፋው። ሰባቱን ፖል ግን ከእግርሽ ውስጥ አውጥቶ አልደፋውም። እዚያው ናቸው። ቁስሉ ይሻር፣ ሳምንት ተራመጂ፣ ከዚያ ሄደሽ ታገኚያቸዋለሽ።

መሮጥ የማያሰኝሽ ቀን ጫማሽን አስረሽ በር ላይ ቁሚ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ጫማ ያሰረ ሰው ቆሞ መዋል ያፍራል።

እኔ ዛሬ ግቢዬን አሥራ አንድ ጊዜ ዞርኩ። ዘጠነኛው ላይ ወደቅሁ። ጉልበትና መዳፍ ነው የተላጠው፣ ልክ እንዳልኩሽ። ልብስ ሰፊው ሊያነሣኝ መጣ፣ ተሳድቤ መለስኩት፣ ሁለቱን ጨረስኳቸው።

ቁጥር ላኪ።

———

ሚያዝያ 28

ድንቢጤ፣

ቁጥር አልመጣም። ፖስተኛው በሬን ሲያልፍ ስሙን እጠራለሁ፣ እጁን ያራግብልኛል። አሁን በሌላ መንገድ መሄድ ጀምሯል።

ዜሮም ቢሆን ጻፊልኝ። አንድ ምልክት ብቻ። ተኳሿ ሆይ፣ ይህን የምትከፍቺው አንቺ ከሆንሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አሮጊት ናት ብለሽ አትሸሽጊኝ። ብዙ ቀብሬያለሁ።

አያቷ

———

ግንቦት 6

እምዬ፣

አሥራ አንድ።

የዘገየሁት ሐኪሞቹ ጣቴን እንደገና ሰብረው ስለጠገኑት ነው። አሁን በቀኝ እጄ ነው የምጽፍልሽ፣ ተኳሿ ቤት ተቀምጬ።

እሁድ ጠዋት ነው። ልሮጥ ጫማዬን ሳስር፣ ያንቺን የመጋቢት ደብዳቤ ሹራቤ ውስጥ አገኘው። «ቁጥር ላኪ» የምትለዋን አነበበ። «የምን ቁጥር ነው?» አለኝ። «የፖል» አልኩት። «ወዴት የሚወስድ ፖል?» አለ። ከመሣሪያ ሣጥኑ ትልቁን ብሎን መፍቻ አነሣ። በሩ ክፍት ነበር፣ ጫማዬም ታስሮ ነበር። ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ፖል እንደ ሌባ ሮጥኩት፣ ይቅር በይኝ። ሁለተኛው ላይ አንቺ ትዝ አልሽኝና ትንፋሼን ሰብሰብ አደረግሁ። አምስተኛው ጋ ይወድቃል ብዬ ነበር። አልወደቀም! ንዴት ሦስተኛ እግር ነው ያልሽው አንቺው አይደለሽ? እሱም ነበረው። ስድስተኛው ላይ ትንፋሹ ማጅራቴን ያሞቀኝ ነበር። «ጆንያ! ቁሚ!» ይላል። ሰባተኛው ላይ ድምፁ ራቀ። ስምንተኛው ላይ ብሎን መፍቻውን ወረወረው። ቁርጭምጭሚቴን አገኘኝ። በአፍጢሜ ተደፋሁ፣ ግራ ጫማዬ ወልቆ ወደ ኋላ ተንከባለለ።

እምዬ፣ ልመለስለት ዞሬ ነበር። አንድ እርምጃ። ለጫማ እንኳ ያልሽው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ተውኩት። ጉልበቴና መዳፌ ደም በደም ሆነው ነበር። ይህ መውደቅ የራሴ ነው ብዬ፣ አታምኚኝም፣ እየሮጥኩ ሳቅሁ።

ዘጠኝና አሥርን አላስታውሳቸውም። አሥራ አንደኛው ላይ ስሟን ጠራሁ። ተኳሿ እሁድ እሁድ ቤቷ የሰው ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ የጋለውን ካውያ እንደያዘች፣ ገመዱ ከኋላዋ እየተጎተተ ወጣች። እኔን ወደ ውስጥ ገፍታ በሩ ላይ ቆመች። እሱ እያለከለከ ደረሰ። ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት የያዘችውን አልለየም። እጁን ወደ ላይ አድርጎ፣

«እንዳትተኩሺ!» አላት።

«ከነጋ ስተኩስ ነው ያለሁት!» አለችው። «አንተን ብጨምር አይደክመኝም!»

ያኔ ካውያ መሆኑን አየ። ስድብ ተሳድቦ ሊገፋት መዳፉን ሰደደ። እሷ አልተነቃነቀችም፣ ካውያውን ብቻ ቀና አደረገችው። መዳፉ ሙሉ በሙሉ አረፈበት። ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ፣ ሽታውንም። ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ፖሊስ ሲመጣ ያቺው አሮጊት ከነውሻዋ ነበረች ምስክር የሆነችው፤ ብሎን መፍቻውን ሲወረውር አይታዋለች። እሱን ወሰዱት። ወረቀቶቼም ተገኙ።

ትናንት ጠዋት ማንም ሳያዘኝ ወጣሁ። ማንም አልቆጠረልኝም። እየተራመድኩ ሁለት ፖል ሄጄ ተመለስኩ። ከአንድ እንደገና ጀምሬያለሁ፣ ግን አልከበደኝም።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ጫማውን እንዴት አወቅሽ?

ድንቢጥሽ

———

ግንቦት 30

ድንቢጤ፣

ያዳነሽ ጌታ የተኳሿን እጅ ይባርክልኝ፣ ካውያዋን አያቀዝቅዝባት። ደብዳቤሽን ለልብስ ሰፊው አነበብኩለት፣ አለቀሰ። ለውሻውም አነበብኩለት።

ጫማውን ጠየቅሽኝ። እናትሽ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አያትሽ የጎኔን አጥንት የሰበረ ቀን፣ እሷን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። የግቢውን በር አለፍኩ። መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ እሱም ገና ቀበቶውን እየታጠቀ ነበር። ያኔ ባዶ እግሬን አየሁት። «በባዶ እግሯ ከባሏ ቤት ወጣች ይሉኛል» አልኩ። ጎኔ ተሰብሮ ያፈርኩት በእግሬ ነው! ጫማዬን ላመጣ ተመለስኩ። ከበሩ ኋላ ቆሞ ጠበቀኝ። ግራ ጆሮዬ የዚያን ቀን ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ፣ እሱ እስኪሞት ድረስ፣ ጫማዬን አድርጌ።

መስከረም ላይ ጫማ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር። አዲስ አልፈልግም። ያቺን በእግርሽ የቀረችውን፣ የቀኙን ላኪልኝ። ቁጥሯ ባይሆነኝም ግድ የለም። በሬ ላይ እሰቅላታለሁ፣ ልብስ ሰፊው ሲያልፍ ይጠይቀኝ።

እኔ ዛሬ አሥራ ሁለት ዞርኩ። አንቺስ?

አያትሽ